ስለ በገና፥ ስለ መሰንቆና ስለ ማንዶሊን፤ ጥሩው ከመናኛው እንዴት እንደሚለይ

ከመንዝ፥ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ ወደ ገበያ የሚወርደው ዕቃ የታወቀ ነው፤ በግ፥ የበግ ጠጉር፥ ባና፥ ዝተት፥ በርኖስ፥ ገብስና ባቄላ ነው። ነጋዴው ይህን ሁሉ የሚመረምርበት ዘዴ አለው። የበጉን ወገብ ይዳስሳል፤ ገብሱን በጥርሱ ይሰብራል፤ ባናውን ለብርሃን ገልጦ ያያል። ነገር ግን አንድ ገዢ ወደ ሱቁ ገብቶ «ጥሩ በገና ይኖርዎታል?» ወይም «ከነዚህ ሁለት ማንዶሊኖች የትኛው ይሻላል?» ብሎ የጠየቀው እንደ ሆነ፥ አብዛኛው ባለሱቅ የሚመልሰው ዋጋውን ብቻ ነው። ዋጋው የበዛው ጥሩ ነው ከማለት በቀር ሌላ መለኪያ በእጁ የለውምና።

ይህም ጉዳት ያመጣል። የሙዚቃ መሣሪያ የሚገዛ ሰው እንደ ስኳርና እንደ ሳሙና በየሳምንቱ የሚመለስ ደንበኛ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ገዝቶ ዕድሜውን በሙሉ ይጠቀምበታል፥ ለልጁም ያወርሰዋል። ስለዚህ የተታለለ እንደ ሆነ ቅሬታው ዕድሜውን በሙሉ ይቆያል፤ ለጎረቤቱና ለመምህሩም ሳይነግር አይቀርም። በተለይ በበገና ንግድ ዘንድ አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። ለአገር ጎብኚ ማስታወሻ ተብሎ፥ ቀለምና ጌጥ በዝቶበት፥ አውታሩ ለመልክ ብቻ የተወጠረ በገና ተሠርቶ ይሸጣል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ መሸጥ የተፈቀደ ንግድ ነው። ነውሩ ያንኑ ጌጥ ሁዳዴ ሲቃረብ ለልጁ መማሪያ ብሎ ለመጣ አባት በእውነተኛ በገና ዋጋ መስጠት ነው። እንዲህ ያለው በገና ቢቃኙት አይቃኝም፤ ቢቃኝም ከአንድ መዝሙር በላይ አይቆይም። ልጁም ጥፋቱ የእርሱ እየመሰለው ትምህርቱን ይተዋል። ሁለቱን ዕቃዎች በየራሳቸው መደርደሪያ አኑሮ አንደኛውን «ለጌጥ» ብሎ መጻፍ ባለሱቁን የሚያስወጣው አንድ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው።

እንግዲህ ከበገና እንጀምር። በገና እንደሚታወቀው አሥር አውታር አለው። ገበቴው ከእንጨት ተፈልፍሎ ወይም ተገጣጥሞ ይሠራና ቆዳ ይለበጥበታል፤ ከገበቴው ሁለት ምሰሶዎች ይነሣሉ፤ በላያቸው ቀንበር ይጋደማል፤ አውታሮቹም ከገበቴው ተነሥተው በበርኩማው ላይ አልፈው በቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ፥ በመቃኛም ይወጠራሉ። ቁመቱ ከ1 ሜትር በላይ ስለሆነ ደርዳሪው ተቀምጦ በግራ እጁ ይደረድረዋል። ከአሥሩ አውታሮች ሁሉም አይደረደሩም። በጣት ሲደረደር በተለመደው ስልት የሚመቱት ስድስት ናቸው፤ የቀሩት አራቱ ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። ገዢው «አራቱ አውታር ዝም ብሏል» ብሎ የተቆጣ እንደ ሆነ ባለሱቁ ይህን ሊያስረዳው ይገባል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም እንዚራ የሚባለው ነው። እንዚራ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል የሚገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። አውታሩ ሲመታ ይህን ቁራጭና የበርኩማውን ጠርዝ እየነካ ይንዘረዘራል፤ ከዚያም የተነሣ የንብ መንጋ ድምፅ የመሰለ ረጅም ንዝረት ይሰማል። በገናን በገና የሚያሰኘው ይህ ድምፅ ነው። ሆኖም የጊታርና የማንዶሊን ድምፅ የለመደ ባለሱቅ ይህን ሲሰማ ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ቁራጮቹን አውልቆ ጥሎ ድምፁን «ያጠራ» ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያደረገ ሰው ዕቃውን አሻሻለ አይባልም፤ ገደለው ይባላል እንጂ። በማንዶሊን ላይ ግን አውታሩ እንዲህ ቢንዘረዘር እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ወይም አንገቱ ተጣሟል፥ ወይም በአንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች አንዱ ከፍ ብሏል ማለት ነው። እንግዲህ ያው አንድ ድምፅ ለአንደኛው ዕቃ ዋጋ ሲጨምር ለሁለተኛው ዋጋ ይቀንሳል። ባለሱቁ ይህን ካላወቀ በሁለቱም ይከስራል።

በገናን የሚመረምር ሰው ስድስቱን አውታሮች አንድ በአንድ ይምታ፤ ከእያንዳንዱም በኋላ ንዝረቱ እስኪጠፋ ድረስ ይጠብቅ። ጥሩው በገና ድምፁ ወዲያው አይሞትም፤ ንዝረቱም ከአንዱ አውታር ወደ ሌላው ሲታለፍ በጣም አይለያይም። አንዱ ብቻ ድምፁ የታፈነ እንደ ሆነ ወዲያው ዕቃውን መናቅ አያስፈልግም፤ እንዚራውን በጣት ጥቂት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መግፋት ብዙ ጊዜ ያድነዋል። ይህን ማድረግ የሚችል ባለሱቅ ከዕቃው ጋራ ሙያውንም ስለሚሸጥ ዋጋውን ቢጨምር የሚቀየመው የለም። ቀጥሎ ቀንበሩ ላይ ያለው መጠምጠሚያ ይታይ። አውታሩ ተቃኝቶ ሩብ ሰዓት ከቆየ በኋላ እንደገና ይመታ፤ የወረደ እንደ ሆነ እንደገና ይቃኝ። አዲስ ጅማት በመጀመሪያ መርዘሙ የማይቀር ስለሆነ አንድ ጊዜ መውረዱ ግድ የለም፤ አራትና አምስት ጊዜ የሚወርድ ከሆነ ግን መቃኛው ይንሸራተታል ወይም ቀንበሩ ለስልሷል። ቆዳውም ከጀርባ በኩል በብርሃን ይታይ፤ የነፍሳት ቀዳዳ ወይም የቢላዋ ጭረት ያለበት ቆዳ ውጥረት ሲበዛበት ይቀደዳልና። ስለ ገበቴው እንጨት ደግሞ፥ ዋንዛ ለጠራቢ የሚመች፥ ቶሎም የማይሰነጠቅ ስለሆነ ለገበቴና ለከበሮ ሁሉ ይፈለጋል፤ ነገር ግን ዋንዛ የወይና ደጋ ዛፍ ነውና በከፍተኛው ደጋ እንደ ልብ አይገኝም።

የደጋው ሰው ድርሻ ሌላ ነው፤ እርሱም አውታሩ ነው። የበገና አውታር የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። በመንዝ በግ ሲታረድ ሥጋው ይበላል፥ ቆዳው ይሸጣል፥ ጠጉሩ ይፈተላል፤ አንጀቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለውሻ ይጣላል። በአውሮፓ ዘንድ የቫዮሊን አውታር ለብዙ መቶ ዓመታት የተሠራው ከበግ አንጀት ነበረ፤ በኢጣልያ የአብሩጾ ተራሮች የሚኖሩ የበግ እረኞች አገር ሰዎችም በዚህ ሙያ ስም አትርፈዋል። ዛሬም የጥንቱን ሙዚቃ በጥንቱ ድምፅ የሚጫወቱ ሰዎች የአንጀት አውታር በውድ ዋጋ ይገዛሉ። በአገራችን በናይሎን አውታር የሚደረደር በገና ታይቷል፤ ናይሎን ርካሽና ዘላቂ ነው፥ ዝናብና ፀሐይም እንደ ጅማት አይለዋውጡትም። ይሁንና በእንዚራው ላይ ሲንዘረዘር የጅማቱን ያህል ድምፁ አይሞላም የሚለው የአያሌ ደርዳሪዎች ፍርድ ነው፤ የዚህም ጽሑፍ አቅራቢ ከእነርሱ ጋራ ይስማማል።

የአውታሩ አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። አንጀቱ በጉ እንደ ታረደ ሳይቀዘቅዝ ይወጣል፤ ይታጠባል፤ ስቡና የላይኛው ስስ ሽፋን ተፍቆ እስኪለቅ ድረስ ይነከራል፤ ከዚያም በሁለት ችካል መካከል ተወጥሮ ይከረራል፥ በጥላም ይደርቃል። ለቀጭኑ አውታር ጥቂት፥ ለወፍራሙ ብዙ ክር በአንድነት ይከረራል። ፀሐይ ላይ የደረቀው ይሰባበራል፤ ስቡ በደንብ ያልወጣለት ይሸታል፥ አይጥም ይጠራል።

ይህን አውታር ለመግዛት የሚፈልግ ነጋዴ በሦስት መንገድ ይፈትነው። መጀመሪያ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳልፈው፤ ቋጠሮ ወይም ውፍረቱ የሚለዋወጥ ስፍራ ካለ ጣት ያገኘዋል። ሁለተኛ ለብርሃን ይያዘው፤ ጥሩው ማር የመሰለ፥ ብርሃን በጥቂቱ የሚያሳልፍ ነው። ሦስተኛው ፈተና በ1500ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ሉት የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎች ያደርጉት የነበረ ነው። አውታሩን በሁለት እጅ ወጥሮ በአንድ ጣት መምታትና ሲርገበገብ ማየት ነው። ውፍረቱ የተስተካከለው አውታር ሲርገበገብ ሁለት ንጹሕ መስመሮች ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ያልተስተካከለው ግን ብዙ የተደባለቁ መስመሮች ያሳያል። እንዲህ ያለው አውታር የቱንም ያህል ቢቃኝ ድምፁ አይጠራም፤ ጉድለቱ ከደርዳሪው አይደለምና። ይህ ፈተና ምንም መሣሪያ ሳያስፈልገው በማንኛውም ገበያ ሊደረግ ይችላል።

መሰንቆም ለደጋው ቅርብ ነው። አውታሩ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የፈረስ ጭራ ነው፤ የደጋኑም ጠጉር እንዲሁ። በዓለም ዙሪያ የቫዮሊን ደጋን የሚሠሩ ሰዎች የወንድ ፈረስ ጭራ ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም የሴቷ ጭራ ሽንቷ ስለሚነካው ቶሎ ይደክማል ይላሉ። ነጩ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ ጥቁሩ ሻካራ ስለሆነ ወፍራም ድምፅ ላለው መሣሪያ ይውላል። ስለዚህ ጭራ የሚሰበስብ ነጋዴ ነጩንና ጥቁሩን፥ የወንዱንና የሴቷን ሳይቀላቅል፥ በርዝመት ለይቶ ቢያስር ዋጋው የተለያየ ዕቃ ይኖረዋል፤ ቀላቅሎ ካሰረው ግን ሁሉም በመናኛው ዋጋ ይሄዳል። መሰንቆውን ሲፈትኑ ደጋኑ በዛፍ ሙጫ በደንብ መታሸት አለበት፤ ሙጫ ያልነካው ደጋን ከማንኛውም መሰንቆ ድምፅ አያወጣም። ከዚያ በኋላ በጣት ከታች እስከ ላይ እየተነካ ድምፁ የትኛው ስፍራ ላይ እንደሚከዳ ይሰማ። ስለ ክራር ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አምስት ወይም ስድስት አውታሩ ዛሬ ብዙ ጊዜ ናይሎን ወይም ብረት ነው፥ ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በየተራ ቃኝቶ የማይንሸራተት ከሆነ ይበቃል።

አሁን ወደ ማንዶሊን እንለፍ። ማንዶሊን ከውጭ የመጣ ነው፤ ሆኖም በአገራችን ሙዚቃ ውስጥ ስፍራ አግኝቷል፤ አየለ ማሞ በማንዶሊን ተጫዋችነታቸው ስመ ጥር መሆናቸው የታወቀ ነው። ስምንት አውታሮች አሉት፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው አራት ረድፍ ናቸው፤ ቅኝታቸውም የቫዮሊን ቅኝት ነው። ድምፁ ቶሎ ስለሚጠፋ ተጫዋቹ መምቻውን ወደ ላይና ወደ ታች በፍጥነት እያመላለሰ ያስረዝመዋል። በዓለም ገበያ የከበሩት ሁለት ዐይነት ናቸው። አንደኛው የኔፕልስ ዐይነት ነው፤ ጀርባው እንደ ቅል የጎበጠ፥ ከቀጫጭን የእንጨት ስንጥቆች የተገጣጠመ ነው፤ የቪናቻና የካላቼ ቤተ ሰቦች በዚህ ሥራ ስም አላቸው። ሁለተኛው የአሜሪካ ዐይነት ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ የተቋቋመው የጊብሰን ኩባንያ የማንዶሊኑን ፊትና ጀርባ እንደ ቫዮሊን ከወፍራም እንጨት በመጥረብ ሠራ። ሎይድ ሎር የተባለው ባለሙያ ከ1922 እስከ 1924 ድረስ በፊርማው ያወጣቸው «ኤፍ 5» የተባሉት ማንዶሊኖች ዛሬ ለሚሠሩት ሁሉ አርአያ ሆነዋል፤ ዋጋቸውም የቤት ዋጋ ነው። ፊታቸው ከስፕሩስ፥ ጀርባቸውና ጎናቸው ከሜፕል እንጨት ነው።

የዋጋው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ አስመጪው ማወቅ አለበት። የርካሹ ማንዶሊን ፊት ከተጣበቀ ስስ ጣውላ ነው፤ የመካከለኛው ከአንድ እንጨት ሆኖ በሙቀት ተጨምቆ የጎበጠ ነው፤ የውዱ ደግሞ ከወፍራም እንጨት በእጅ ወይም በመኪና ተጠርቦ፥ ውፍረቱ በየስፍራው ተለክቶ የቀጠነ ነው። ይህን ለማወቅ የድምፁን ቀዳዳ ጠርዝ በብርሃን ማየት ይበቃል፤ የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ካለፈ አንድ እንጨት ነው፤ ድርብርብ ሆኖ ከታየ የተጣበቀ ነው። በሱቅ ያለ መብራት ለጌጥ ብቻ አይደለም።

ቅኝቱ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ አውታሩ ክፍት ሆኖ በመካከሉ በጣት ጫፍ በስሱ ተነክቶ ይመታ፤ ከዚያ በ12ኛው የብረት መስመር ላይ ተጭኖ እንደገና ይመታ። ሁለቱ ድምፆች አንድ መሆን አለባቸው። ያልተስማሙ እንደ ሆነ በመጀመሪያ በርኩማው ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይገፋ፤ የማንዶሊን በርኩማ በአውታሩ ግፊት ብቻ የቆመ እንጂ የተጣበቀ አይደለምና በመንገድ ይንሸራተታል። በዚህ ትንሽ ነገር ምክንያት ጥሩ ማንዶሊን በመናኛ ዋጋ የሸጠ ሰው ይኖራል። በርኩማው ተገፍቶም አንዳንዱ መስመር ብቻ የሚዋሽ ከሆነ ግን የመስመሮቹ አተካከል ተሳስቷል፤ ይህን ባለሱቅ አያድነውም።

ሁለትና ሦስት ማንዶሊኖችን ለማወዳደር የሚፈልግ ገዢ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚያሳስተው ነገር የአውታሩ ዕድሜ ነው። አዲስ አውታር የገባለት መናኛ ማንዶሊን የዛገ አውታር ካለው ውድ ማንዶሊን ይልቅ ያበራል፤ ስለዚህ ለውድድሩ ሁሉም አንድ ዐይነት አዲስ አውታር ይግባላቸው፥ በአንድ ዐይነት መምቻም ይመቱ። አንዱ ዜማ ብቻ፥ በተለይ ገዢው ከልቡ የሚያውቀው ትዝታ ወይም ባቲ፥ በየተራ ይጫወትባቸው። ከዚያ ሌላ ሰው ይጫወትና ገዢው አሥር እርምጃ ርቆ፥ ጀርባውን አዙሮ ይስማ። ማንዶሊኑን አቅፎ የሚጫወት ሰው የሚሰማው ድምፅና አድማጩ የሚሰማው አንድ አይደለም፤ የኩባንያውን ስም ሳያይ የሰማ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምርጫው ይለወጣል። ከሦስት በላይ በአንድ ጊዜ ማወዳደር ጆሮን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። ክብ ቀዳዳ ያለው ብዙ ጊዜ ድምፁ ለስላሳና ረጅም ነው፤ እንደ ቫዮሊን የተጠማዘዘ ቀዳዳ ያለው ደግሞ ስለታምና ሩቅ የሚሰማ ነው። ለብቻው በቤቱ ለሚጫወት አንደኛው፥ ከበሮና ክራር ባለበት ጓድ መካከል ለሚቆም ሁለተኛው ይስማማዋል።

ወደ ደጋው ለሚልክ ነጋዴ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የመሐል ሜዳ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ነው፤ በበጋ ወራት አየሩ በጣም ደረቅ ነው። በባሕር ዳር እርጥበት አገር የተሠራ ማንዶሊን እዚህ ሲደርስ እንጨቱ ይሸሽና ፊቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከምድጃና ከመስኮት ርቆ፥ በሣጥኑ ውስጥ እንደ ተዘጋ፥ እርጥብ ጨርቅ በተበሳ ዕቃ ተደርጎ አጠገቡ ይቀመጥ። በጅቡቲ በኩል በመርከብ የሚመጣም ከሆነ በሐሩር ውስጥ የቆመ የብረት ሣጥን የመገጣጠሚያውን ሙጫ ሊያላላ ስለሚችል፥ አውታሮቹ ጥቂት ላልተው መላክ አለባቸው።

ስለ ጉምሩክም እንዲሁ። ባለ አውታር መሣሪያዎች በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ በቁጥር 92.02 ሥር ሲሆኑ፥ ለብቻው የሚመጣ አውታርና መለዋወጫ በ92.09 ሥር ነው፤ ሁለቱን በአንድ መስመር መጻፍ ዕቃ ያዘገያል። አሮጌ ማንዶሊን የሚያስመጣ ወይም የሚልክ ሰው በፊቱ ላይ የተለጠፈው ጌጥ ከባሕር ኤሊ ቅርፊት እንዳይሆን ይጠንቀቅ፤ ይህ በሳይትስ ስምምነት የታገደ ነው። የብራዚል ሮዝውድም ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥብቁ መዝገብ ላይ አለ። ሌሎቹ የሮዝውድ ዐይነቶች በ2017 መዝገብ ገብተው ነበር፤ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ግን ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከፈቃድ ነፃ ሆነዋል። በእኛም በኩል በዕድሜ የገፋ በገና ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ሰው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደሚነካው አውቆ፥ ዕቃውን ከማሸጉ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ይጠይቅ። አዲስ የተሠራ በገና ቅርስ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ማን፥ መቼና የት እንደ ሠራው የሚገልጽ ደረሰኝ አብሮት ቢሄድ በኬላ የሚነሣውን ጥያቄ ያሳጥራል።

የበገና ትምህርት በዛሬው ጊዜ ለወጣቶች በብዛት ስለሚሰጥ የአውታር ፈላጊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓለሙ አጋ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ እንደ ነበረ፥ ድርደራቸውም «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሸክላ ተከታታይ በ11ኛው ክፍል ለዓለም እንደ ተሰማ ይታወሳል፤ ስለዚህ የውጭ አገር ሰው ስለ በገና የሚጠይቀው ከዚያ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ከደጋው አውታር ለመሰብሰብ የሚያስብ ነጋዴ ከሠሪዎቹ ጋራ ሲዋዋል እነዚህን ይጠይቅ፦ እያንዳንዱ አውታር ለበገናው ቁመትና ለመጠምጠሚያው የሚበቃ፥ ከ2 ሜትር ያላነሰ ይሁን፤ ሳይታጠፍ በሰፊው ክብ ይጠቅለል፤ አሥሩ በውፍረት ተራ ተደርድሮ በአንድ ወረቀት ይታሰር፤ በወረቀቱም ላይ የተከረረበት ወር ይጻፍ። ማከማቻው ደረቅና ጨለማ ይሁን፤ ከአይጥም ለመጠበቅ ክዳኑ የሚገጥም የቆርቆሮ ሣጥን ከከረጢት ይሻላል።